ታኮ ጫማ ላይ መራመድ፦ የዛሬ ማታ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የጥር ሰርግ እየደረሰ ስለሆነ በየቀኑ አንድ አይነት ጥያቄ ነው ሚመጣልኝ፣ ስለዚህ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ ልመልስ። ለማታውቁኝ፦ 9 ዓመት ኡሸር (የዝግጅት እንግዳ ተቀባይ) ሆኜ ሰርቻለሁ፣ ኤግዚቢሽን፣ ስብሰባ፣ ሰርግ፣ ምረቃ፣ በቀን 8 ሰዓት ታኮ ላይ የቆምኩበት ጊዜ ብዙ ነው። አሁን ሚዜዎችንና ሙሽሮችን አለማምዳለሁ። ሐኪም ግን አይደለሁም፣ እሱን ያዙልኝ። በሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እህቴ ሰላም ነሽ፣ ከ3 ሳምንት በኋላ ሚዜ ነኝ፣ ታኮ አድርጌ አላውቅም፣ የገዛሁት ስቲሌቶ (ቀጭኑ ታኮ) 12 ሴንቲ ነው። ትናንት ቤት ሞከርኩትና እንደ ዛሬ የተወለደች ጥጃ ሆንኩ፣ ወንድሜ ስቆ ሊሞት። በ3 ሳምንት እችላለሁ?

መልስ፦ ሃሃ ወንድምሽን ራሱን አስደርጊው እስቲ። የኔ ቆንጆ እውነቱን ልንገርሽ፣ 12 ሴንቲ ስቲሌቶ ለጀማሪ አይሆንም፣ እኔ ራሴ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ከ9 በላይ ለሙሉ ቀን አላደርግም። ብዙ ሰው «መራመድ አልቻልኩም» ይላል እንጂ ችግሩ አረማመዱ ሳይሆን ጫማው ነው። ሶሉ ካልቆሸሸ ዛሬውኑ ሂጂና ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ባለው፣ ታኮው ወፈር ባለ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ሚታሰር ማሰሪያ ባለው ቀይሪው። ከዛ 3 ሳምንት ይበቃሻል። መጀመሪያ ሳምንት በቀን 15፣ 20 ደቂቃ ቤት ውስጥ፣ ዝም ብለሽ ወዲያ ወዲህ አትበዪ፣ ስራ እየሰራሽ አድርጊው፣ ልብስ እያጣጠፍሽ፣ ስልክ እያወራሽ። ሁለተኛ ሳምንት ሴራሚክና ደረጃ። ሦስተኛው ላይ የሰርጉን ቀሚስ ለብሰሽ፣ ከቤት ውጪ፣ አንድ ሰዓት ያህል።

ጥያቄ፦ አረማመዱ ራሱስ? ሁሉም «ቀጥ በይ» ይላል እንጂ እንዴት እንደሆነ አይናገርም።

መልስ፦ ይሄን ረዘም አድርጌ ልመልስ ምክንያቱም ዋናው እሱ ነው። ተረከዝሽ ቀድሞ ይነካል ከዛ የእግርሽ ፊት፣ ልክ በባዶ እግርሽ እንደምትሄጂው፣ ልዩነቱ በሁለቱ መሀል ያለው ጊዜ በጣም ያጥራል። በጣቷ ቀድማ ምትረግጥ ሴት ካያችሁ ፈርታለች ማለት ነው። እርምጃሽን አሳጥሪው፣ ሰፊ እርምጃና ታኮ አይዋደዱም። እንደ ሞዴል እግርሽን አታቆላልፊ፣ ያ ለመድረክ ነው፣ አዳራሽ ውስጥ ቀሚስሽን ረግጠሽ ትወድቂያለሽ። ዓይንሽ ከፊትሽ 4፣ 5 ሜትር ያለውን ይይ እንጂ እግርሽን አትይ፣ እግርሽን ስታዪ አንገትሽም ጀርባሽም ይጎብጣል ሚዛንሽም ይሄዳል። ሆድሽን ትንሽ ሰብሰብ፣ ትከሻሽን ልቀቂው። ጉልበት ላይ ግን ልብ በይ፦ ስትረግጪ ጉልበትሽ ታጥፎ የሚቀር ከሆነ፣ እንደምትቀመጪ ነገር ከሆነ፣ ያ ታኮ ላንቺ ከፍ ብሏል፣ ልምምድ አያስተካክለውም። እህትሽ ከጎን በስልክ ቪዲዮ ትቅረፅሽ፣ መስታወት ከፊት ብቻ ስለሚያሳይ ይዋሻል።

ጥያቄ፦ እኔ መራመድ እችላለሁ ግን ከ1 ሰዓት በኋላ ከጣቶቼ ስር ያለው ቦታ ይቃጠላል። ይለመዳል ይላሉ እውነት ነው?

መልስ፦ አይለመድም። ሚዛን ይለመዳል፣ ህመም አይለመድም፣ እነዚህን ሁለቱን አታምታቱ። ታኮው ከፍ ባለ ቁጥር ክብደትሽ ከተረከዝ ወደ ፊት ይሄዳል፣ እግርሽ ደሞ እንደ ተዳፋት ወደ ታች ይንሸራተትና ጣቶችሽ ጫፉ ላይ ይታጨቃሉ። ስለዚህ ሦስት ነገር እዪ። አንደኛ ከፊት ሶሉ ወፈር ያለ ምረጪ፣ 10 ሴንቲ ታኮ ከፊት 3 ሴንቲ ወፍራም ሶል ካለው እግርሽ የሚሰማው 7 ነው። ሁለተኛ ማሰሪያ፣ እግርሽን ወደ ኋላ ይዞ ያስቀርልሻል። ሦስተኛ ሲልከን ፓድ፣ ግን ሰዎች ጣቶቻቸው ስር ነው ሚለጥፉት፣ ስህተት ነው፣ ከሚያምሽ ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ አድርጊው፣ ያኔ ወደ ፊት መንሸራተቱንም ያግዳል። ከጣቶችሽ መሀል እንደ ኤሌክትሪክ ሚነዝር ወይ ሚደነዝዝ ስሜት ካለ ግን እሱ የነርቭ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ፓድ ሳይሆን ሐኪም ጋ ሂጂ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እግሯ ትንሽ የሆነ ልጅ ተጠንቀቂ። 36 ቁጥር ላይ ያለ 10 ሴንቲና 40 ቁጥር ላይ ያለ 10 ሴንቲ አንድ አይደለም፣ የ36ቷ ቁልቁለቱ ይብስባታል። ጓደኛሽ ተመችቷታል ማለት አንቺን ይመችሻል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ሁሌ 37 ነው ምገዛው፣ ግን ታኮ ሲሆን ወይ ይጠበኛል ወይ ከተረከዜ ይወልቃል።

መልስ፦ ከሰዓት በኋላ ግዢ፣ እግር ሲውል ያብጣል፣ ጠዋት የተገዛ ጫማ ማታ ጠላት ነው። ደሞ ወረቀት ላይ ቆመሽ እግርሽን በእስኪብርቶ ዙሪያውን ሳዪና ቆርጠሽ ይዘሽ ሂጂ። መርካቶ ጫማ ተራም ሆነ ቦሌ ቡቲክ፣ ወረቀቱን ከጫማው ሶል ጋ አነካኪው፣ ወረቀቱ በጎን ከተረፈ ያ ጫማ ጠባብ ነው፣ ሻጩ «ይሰፋል» ቢልሽም አትስሚው። ቆዳ ከሆነ ትንሽ ይሰፋል፣ ሲንተቲክ ከሆነ የትም አይሄድም። ከተረከዝ ስለሚወልቅ ብለሽ ቁጥር መቀነስ ትልቁ ስህተት ነው፣ ከኋላ የምትለጠፍ ስፖንጅ አለች፣ እሷን ተጠቀሚ። ሌላ፦ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ከላይ በጣትሽ ነካ አድርጊው፣ ከተወዛወዘ አስቀምጪው ወደ ቦታው።

ጥያቄ፦ ኮብልስቶን?

መልስ፦ 😂 ኮብልስቶን ላይ በቀጭን ታኮ ሚሄድ ሰው የለም፣ ሚመስል ብቻ ነው ያለው። ፍላት ጫማ ቦርሳ ውስጥ፣ በር ላይ ስትደርሺ ቀይሪ፣ እኛ ኡሸሮች ሁላችንም እንደዛ ነው ምናደርገው፣ ታክሲ ላይ በሸበጥ አዳራሽ ውስጥ በታኮ። ግድ ከሆነ በእግርሽ ፊት ርገጪ፣ ድንጋዩ መሀል ላይ እንጂ ስንጥቁ ላይ አይሁን። የታኮዋን ጫፍ ጎማም እዪ፣ ስትበላ ሚስማሩ ይወጣና ሴራሚክ ላይ በረዶ ላይ እንደመቆም ነው። ሊስትሮ ጋ ወይ ጫማ ሰፊ ጋ ወስደሽ ጎማ አስመቺ፣ ሁለቱንም በአንዴ፣ አንዱን ብቻ ካስመታሽ ወገብሽ ነው ሚከፍለው። አዲስ ሶል ሚያንሸራትት ከሆነ ደሞ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ አድርጊው (መመለስ ካልፈለግሽ በኋላ ነው እሱ!)።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ነኝ፣ ሰርጉ ሳር ላይ ነው ውጪ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቀጭን ታኮ ሳር ውስጥ እንደ ችካል ነው ሚተከለው። ዌጅ (ታኮውና ሶሉ አንድ ላይ የተያያዘ) ወይ ወፍራም ታኮ አድርጊ። ቀጭኑን አስቀድመሽ ከገዛሽ ታኮው ጫፍ ላይ ሚገባ ክብ የፕላስቲክ ቆብ ይሸጣል፣ እናንተ ጋ በቀላሉ ታገኛለሽ፣ ርካሽ ነው።

ጥያቄ፦ ሀበሻ ቀሚስ ረጅም ስለሆነ ደረጃ ላይ ይጠልፈኛል።

መልስ፦ ርዝመቱን ስትለኪ ልብስ ሰፊው ጋ ጫማውን አድርገሽ ሂጂ! ይሄን ስንቴ እንደተናገርኩ። ቀሚሱ በፍላት ተለክቶ በታኮ ሲለበስ ያጥራል፣ በታኮ ተለክቶ በፍላት ሲለበስ መሬት ይጠርጋል። ደረጃ ስትወጪ ሙሉ እግርሽን አሳርፊ፣ ታኮው አየር ላይ አይቅር። ስትወርጂ ግን ትንሽ ወደ ጎን ዞር ብለሽ፣ አንድ እጅ መደገፊያው ላይ አንድ እጅ ቀሚሱ ላይ። አበባ ካለሽ ለሌላ ሚዜ ስጪ። ስትወርጂ መቸኮል የለም፣ ፎቶግራፈሩ ይጠብቅሻል።

ጥያቄ፦ በታኮ መጨፈር ይቻላል?

መልስ፦ እስክስታ ትከሻ ስለሆነ ይቻላል፣ ተረጋግተሽ ቆመሽ። ጉራጊኛ ሲመጣ ግን አውልቂ፣ ምንም አታስቢ፣ ማንም እግርሽን አያይም።

ጥያቄ፦ እኔ ወንድ ነኝ፣ ይቅርታ፣ ግን እንዲህ ሚያሰቃይ ነገር ማን ነው የፈለሰፈው?

መልስ፦ እናንተ ናችሁ ወንድሜ! የፋርስ ፈረሰኞች ናቸው ታኮ ያደርጉ የነበሩት፣ እርካብ ላይ እግር እንዳይንሸራተት፣ ቆሞ ቀስት ለመወርወር። ከዛ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ባላባቶች ወሰዱት፣ የፈረንሳዩ ንጉስ ሉዊ 14ኛ ቀይ ታኮ ያደርግ ነበር። ስቲሌቶ ሚባለው ቀጭኑ ግን በፈረንጆቹ የ1950ዎቹ ነገር ነው፣ ውስጡ ብረት ማስገባት ሲቻል ነው እንደዛ የቀጠነው። ስለዚህ ካሳ ክፈሉን 😄

ጥያቄ፦ ልጄን ልድር ነው፣ ዕድሜዬ 58 ነው፣ ልጆቼ ታኮ ካላደረግሽ ይሉኛል፣ ጉልበቴን ደግሞ ያመኛል።

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት እናቴ! ልጆቹን አይስሟቸው። 3 ሴንቲ፣ ወፍራም፣ ከፊት ሰፋ ያለ ይበቃዎታል፣ ከቀሚሱ ስር ማን ያየዋል። ታኮ ከፍ ሲል ጉልበት ላይ ጫና ይጨምራል፣ አንዴ ካመመዎት ያን ቀን ሙሉ ቁጭ ብለው ነው ሚያሳልፉት። ስኳር ካለብዎት ደግሞ እግር ስሜቱ ሊቀንስ ስለሚችል ጫማ ሲልጥ ላይታወቅዎት ይችላል፣ ማታ ሲገቡ ውስጥ እግርዎን በደንብ ይዩ።

ጥያቄ፦ እርጉዝ ነኝ 6 ወር፣ ለክርስትና ላድርግ?

መልስ፦ ዝቅ ያለ አድርጊ የኔ እናት። ሚዛንሽ ተቀይሯል፣ መገጣጠሚያዎችሽም ላላ ብለዋል፣ አንድ መሰናከል አይገባሽም።

ጥያቄ፦ ሪሴፕሽን ነኝ፣ አለቃዬ ታኮ ግዴታ ነው ይላል፣ እግሬ አልቋል።

መልስ፦ እኔም አንድ ቦታ ስሰራ ደም እየወጣኝ «ፈገግ በይ» ተብዬ አውቃለሁ፣ ስሙን አልጠራም። ብቻሽን አይደለሽም፣ ፊሊፒንስ በፈረንጆቹ 2017 ቀጣሪ ሴቶችን ታኮ እንዳያስገድድ መመሪያ አወጣች፣ ጃፓን ውስጥም በፈረንጆቹ 2019 ሴቶች ተነስተው ፊርማ አሰባስበዋል። አንቺ ደሞ በዘዴ ጀምሪ፦ 3፣ 4 ሴንቲ ጥቁር፣ ንፁህ፣ የሚያብረቀርቅ ገዝተሽ ዝም ብለሽ ግቢ። ብዙ አለቃ ሚያየው ሴንቲ ሜትሩን ሳይሆን ጫማው መወልወሉን ነው። ጓደኞችሽ አብረው ቢያደርጉት ደሞ የበለጠ። ስትቆሚ ክብደትሽን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ቀያይሪ፣ እረፍት ላይ አውልቂ።

ጥያቄ፦ ማደንዘዣ ስፕሬይ አለ ይባላል?

መልስ፦ አይሆንም። ህመሙ ሲጠፋ ጉዳቱ አይጠፋም፣ ማታ ስታወልቂ ነው ምታዪው።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ታኮ አድርጌ አሁን በፍላት ስሄድ ባቴን ያመኛል፣ ተገላቢጦሽ ነው?

መልስ፦ ተገላቢጦሽ አይደለም። ተረከዝሽ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲኖር የባትሽ ጡንቻ እያጠረ ጅማቱም እየደረቀ ይሄዳል፣ በፍላት ስትሄጂ ይለጠጥና ያምሻል። በአንዴ አትተዪው ታኮውን፣ ከ8 ወደ 5 ከዛ ወደ 3 ውረጂ። ማታ ማታ ግድግዳ ፊት ቆመሽ አንድ እግር ወደ ኋላ፣ ተረከዙ መሬት ሳይለቅ፣ ግድግዳውን ግፊ፣ 30 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ በየእግሩ።

ጥያቄ፦ እኔ ነኝ የጥጃዋ 😅 ስትመልሺ ሰምቼ ሱቁ ሳይዘጋ ሮጬ ሄድኩ፣ ብር አልመልስም አለ ግን በ6 ሴንቲ ወፍራም ታኮ ቀየረልኝ። ቤት አድርጌው ቡና አፈላሁበት፣ አልወደቅኩም! ግን የግራ እግሬን ትንሽ ይጫነኛል።

መልስ፦ ጎበዝ! የብዙ ሰው ሁለት እግር እኩል አይደለም፣ ጫማ ሚለካው በትልቁ ነው፣ ያንቺ ግራው ነው ማለት ነው። ሲንተቲክ ከሆነ ሶሉን ሳታቆሽሺ ነገ ተመለሺና አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ስጠኝ በይው፣ ለቀኙ ከኋላ ስፖንጅ ትለጥፊበታለሽ። ቆዳ ከሆነ ወፍራም ካልሲ አድርገሽበት ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ተንጎራደጂ፣ ጠዋት ንገሪኝ።