መጀመሪያ አንድ ሕፃን፣ አንድ ቴርሞሜትር

እህቴ፣ «ጥናት አነባለሁ፤ ዎርድ ስገባ ግን ነባሮቹ ‹ይሄ እዚህ አይሠራም› ይሉኛል፣ ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው። እኔም እዚያው ነበርኩ። ከትንሹ ጀምሪ።

የምሠራው ደቡብ ወሎ ደጋው ላይ ነው፣ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል። ብርዱን ታውቂዋለሽ። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ሲመጣ ማሞቂያ ላይ እናስተኛዋለን፤ «እስኪረጋጋ» እያልን ለእናቱ አንሰጣትም ነበር። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም ይቀዘቅዛል።

አንድ ቀን አዳር ላይ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣውን ጥናት በስልኬ አነበብኩ። ጋና፣ ማላዊ፣ ናይጄሪያ፣ ታንዛኒያና ሕንድ ውስጥ፣ ከ1 ኪሎ ጀምሮ 1.8 ኪሎ ባልሞሉ ሕፃናት ላይ የተሠራ ነው። ወዲያው እናት ደረት ላይ ከታቀፉት 12 በመቶ ሞቱ፤ እስኪረጋጉ ከተጠበቁት ደግሞ 15.7 በመቶ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ምክሩን ወደዚሁ ቀየረ።

እዚህ ላይ ግን አትቸኩዪ። እነሱ ጋ እናትና ልጅ አንድ ክፍል ነበሩ፣ ክትትልና ሲፓፕም (ሕፃኑን እንዲተነፍስ የሚያግዝ መሣሪያ) ነበር። በራሱ መተንፈስ ያቃተው ሕፃን ጥናቱ ውስጥ አልገባም። ጥናት ስታነቢ መጀመሪያ «የእነሱ ክፍል ከእኛ በምን ይለያል?» በዪ። እኔ ስለዚህ በደንብ የሚተነፍሰውን መርጬ ሐኪሙን አስፈቀድኩ።

1.6 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ልጅ ነበር። ሙቀቱ 35.6። እናቱ ደም ፈሷት ደክማለች። አያቱ «አብሽሪ ልጄ፣ ቅቤ ቀብተን እንጠቅልለው» አሉኝ። «እማማ፣ እርስዎ ይቀፉልኝ» አልኳቸው። ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጌለት ደረታቸው ላይ አስተኛሁት፣ በነጠላቸው አሰርኩት፣ ጋቢ ደረብኩበት። በየ15 ደቂቃው አተነፋፈሱን አየሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ 36.7። አያቱ ዓይናቸውን ከቴርሞሜትሩ አልነቀሉም።

ነባሯ ሲስተር ምንም አላሉም። ቻርቱን አገላብጠው አዩና ሄዱ። እኔም አልተከራከርኩም። ለሦስት ሳምንት የእያንዳንዱን ሕፃን ሙቀት፣ ከመታቀፉ በፊትና በኋላ፣ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሺፍት ስንቀያየር ራሳቸው «ደብተሩን አምጪው እስኪ» አሉኝ። አሁን የሚሞሉት እሳቸው ናቸው።

አንቺ የትኛው ክፍል ነሽ? አንድ ሥራ ምረጪና ንገሪኝ፤ የደብተሩን አሠራር ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።