«የማን ልጅ ነው?» የሚለው ኮሜንታተር

ስለ አየርላንድ የስፖርት ኮሜንታተሮች የመጡ ጥያቄዎች ተጠራቅመውብኛል። ዛሬ ጥቂቶቹን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ደብሊን ነው የምሠራው። እሁድ ሬድዮ ተከፍቶ ሁሉም ይጮኻል። ውጤቱ ግን «2-11 ለ2-7» ይላል። ምን ዓይነት ቁጥር ነው?

መልስ፦ እኔንም መጀመሪያ ግራ አጋብቶኛል። የምትሰማው የአየርላንድ ባህላዊ ጨዋታ ነው፤ ወይ ጌሊክ ፉትቦል (በእጅም በእግርም የሚጫወቱት ኳስ) ወይ ኸርሊንግ (በዱላ የሚጫወቱት)። በሁለቱም ግቡ የራግቢን ይመስላል፤ ከታች ግን መረብ አለው። መረብ ውስጥ የገባ ጎል 3 ነጥብ ነው። ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መሀል ያለፈ 1 ነጥብ። 2-11 ማለት 2 ጎልና 11 ነጥብ፣ ሲደመር 17 ነው። 2-7 ደግሞ 13። በጌሊክ ፉትቦሉ ከ2025 ጀምሮ ከ40 ሜትር ቅስት ውጭ ተመትቶ ያለፈ 2 ነጥብ ያስገኛል።

የጠቀስከው ውጤት ደግሞ ተራ አይደለም። የካቫን አውራጃ ቡድን የኬሪን አውራጃ በ1947 የአየርላንድ ጌሊክ ፉትቦል ሻምፒዮና ፍጻሜ ያሸነፈበት ነው። ጨዋታው ኒው ዮርክ፣ ፖሎ ግራውንድስ ነበር። ከአየርላንድ ውጭ የተደረገው ብቸኛ ፍጻሜም እሱ ነው። በሬድዮ ያስተላለፈው ኮሜንታተር ሚሃል ኦሄር ያኔ 27 ዓመቱ ነበር። ድምፁን ወደ አየርላንድ የሚያደርሰው የስልክ መስመር የተከራየው ከሰዓት በኋላ እስከ 5 ሰዓት (በኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት) ብቻ ነው፤ ጨዋታው ደግሞ ዘግይቶ ጀምሯል። ሰዓቱ ሲደርስ ኦሄር ጨዋታውን እያወራ በመሀል ልመና ገባ፦ በመስመሩ ላይ የሚሰማን ሰው ካለ፣ እባካችሁ 5 ደቂቃ ብቻ ጨምሩልን! አገር ሙሉ እየሰማው ነው የሚለምነው። መስመሩም ሳይቋረጥ ጨዋታው አለቀ።

ጥያቄ፦ ሰዎች የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግተው ሬድዮ ይሰሙ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ለሬድዮ ኮሜንታተሩ ለሚሃል ኦ ሙርሃርቲ ሲሉ። የኬሪ ሰው ነው። በ1949 በአይሪሽ ቋንቋ ጀመረ፣ በ2010 ጡረታ ወጣ፣ በ2024 በ93 ዓመቱ አረፈ። ስለ ኮርክ አውራጃው የኸርሊንግ ተጫዋች ሾን ኦግ ኦ ሃልፒን የተናገረው እስከ ዛሬ ይደጋገማል፦ አባቱ ከፈርማና አውራጃ፣ እናቱ ከፊጂ፤ ሁለቱም የኸርሊንግ አገር አይደሉም!

ቀልዱ የሚገባህ ጨዋታው እንዴት እንደሚሠራ ስታውቅ ነው። ተጫዋቾቹ ደሞዝ የላቸውም። ሰኞ ወደ መምህርነቱ ወይም ወደ እርሻው ይመለሳል። ብዙዎቹ የሚሰለፉት ላደጉበት አውራጃ ነው። ስለዚህ ኳሱ ጋ የደረሰው ሰው ቁጥር ብቻ አይደለም፣ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ወንድም ነው። ኦ ሙርሃርቲ ያንን ሁሉ በቃሉ ያውቀው ነበር። ስታትስቲክስ ከሚደረድር ኮሜንታተር እሱን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ በእግር ኳስስ?

መልስ፦ የቴሌቪዥን ኮሜንታተሩ ጆርጅ ሃሚልተን፣ ጄኖዋ፣ የ1990 የዓለም ዋንጫ። አየርላንድና ሩማንያ 0 ለ 0 ጨርሰው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄዱ። የአየርላንዱ በረኛ ፓኪ ቦነር አንዷን አዳነ። የአየርላንዱ ዴቪድ ኦሊሪ የመጨረሻዋን ሊመታ ሲቆም ሃሚልተን አገር ሁሉ ትንፋሹን ውጦ እየጠበቀ ነው አለ። ከዚያ ዝም። ገባች። ያ ዝምታ ነው ልቤን የሚነካኝ፤ ሌላው ቢሆን ሲለፈልፍ ያበላሸው ነበር።

ጥያቄ፦ ራግቢ ላይ ሰሜኑም ደቡቡም አንድ ቡድን፣ እግር ኳስ ላይ ለምን ሁለት?

መልስ፦ የራግቢው ማኅበር የተመሠረተው አገሪቱ ሳትከፈል በ1879 ነው፤ ሳይከፈልም ቀረ። እግር ኳሱ በ1921 ተለያየ።

ጥያቄ፦ ኸርሊንግ የኛን የገና ጨዋታ አይመስልም?

መልስ፦ ሳየው እኔም ያልኩት እሱኑ ነው። ዱላ አለ፣ ኳስ አለ፣ ግፊያ አለ። ልዩነቱ የኛ ሩር መሬት ለመሬት ስትንከባለል፣ የእነሱ ኳስ፣ ስሊተር የሚሏት፣ አብዛኛውን ጊዜ አየር ላይ ናት። ቆዳ የለበሰች፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረች ኳስ ናት። ከ2010 ጀምሮ የራስ ቁር ለሁሉም ግዴታ ሆኗል። እኛ ሰፈር ገና ስንጫወት የሚያለቅሰው ቁርጭምጭሚት ብቻ ነበር።