መልስ፦ የእናትና የአባት ልጅ ሆኖ ሕብረ ሕዋሱ እንዴት አይገጥምም?

አብሽር ወንድሜ። «ደሴ ላለችው እህቴ ኩላሊት ልሰጥ ብዬ የደም ዓይነታችን አንድ ሆኖ ሳለ ሕብረ ሕዋሳችሁ አይገጥምም ተባልኩ፤ የአንድ እናትና አባት ልጆች አይደለንም እንዴ?» ብለሃል። ናችሁ፤ የሠፈር ሐሜት አትስማ፣ እናትህ ምንም አላጠፉም።

የደም ዓይነት ሌላ፣ ኤችኤልኤ ሌላ ነው፤ ኤችኤልኤ ማለት ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለይበት ሴል ላይ ያለ ምልክት ነው፣ «ሕብረ ሕዋስ አይገጥምም» ያሉህም እሱን ነው። የኤችኤልኤ ዘረ መሎች 6ኛው ክሮሞሶም ላይ ተጠጋግተው ተሰልፈዋል። የባቲ ሰኞ ገበያን የዶቃ ክር አስብ። አባትህ ሁለት ክር አላቸው፣ እናትህም ሁለት። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለቱም አንድ አንድ ክር ይሰጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ዶቃው ሳይበተን፣ ክሩ እንዳለ። ስለዚህ ከእህትህ ጋር ሁለቱም ክር የመመሳሰል ዕድልህ 25 በመቶ፣ አንዱ ብቻ 50 በመቶ፣ አንዱም ያለመመሳሰል 25 በመቶ ነው። ለአንተ የደረሰህ የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም። እናትህ ግን ከእህትህ ጋር ቢያንስ በግማሽ ይገጥማሉ። የዶቃው መልክ ደግሞ መብዛቱ! ከነዚህ ዘረ መሎች አንዱ የሆነው ኤችኤልኤ-ቢ ብቻውን በሺዎች የሚቆጠር ዓይነት አለው፤ ከባዳ የሚገጥም ሰው ማግኘት የሚከብደው ለዚህ ነው።

እንደ ላቦራቶሪ ባለሙያ ይበልጥ የምፈራው ግን ሌላውን ምርመራ ነው፦ የሰጪውን ነጭ የደም ሴል ከተቀባዩ ሴረም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ጋር ቀላቅሎ ማየት። እህትህ ወልዳ ወይም ደም ተሰጥቷት ከሆነ፣ ሰውነቷ የሌላውን ዶቃ የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል አዘጋጅቶ ሊጠብቅ ይችላል። የክሩ ልዩነት ብቻ ከሆነ በመድኃኒት ይያዛል፤ ይህኛው ግን የተተከለውን ኩላሊት በሰዓታት ውስጥ ሊያበላሽ ይችላል። ሐኪሙን «ያልገጠመው የትኛው ነው?» ብለህ ጠይቅ።