ጊዜያዊ ምስል ጊዜያዊ ይምሰል
ይድረስ ድረ ገጽ ወደ መሥራቱ ሙያ አዲስ ለገባችሁ ወጣቶች፤

በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ብዙዎች ከቁም ነገር ስለማይቆጥሩት ጉዳይ፣ እውነተኛው ፎቶ እስኪመጣ ድረስ ቦታ ስለምናስይዘው ጊዜያዊ ምስል ነው። እንዲህ ያለው ምስል ከማማሩ ይልቅ ጊዜያዊነቱ ከሩቅ መታወቁ ይበልጣል።

ይህን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው። የአንድ ድርጅት ድረ ገጽ ስሠራ የኃላፊዎቹ ፎቶ ስለዘገየብኝ፣ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የአንድ ፈገግ ያለ ሰው ፎቶ በቦታው አስገባሁ። ገጹ አማረ፣ ደንበኛውም ወደደው፣ እኔም ረሳሁት። ድረ ገጹ ለሕዝብ ከተከፈተ ከሳምንታት በኋላ ያ የማላውቀው ሰው ከዋና ሥራ አስኪያጁ ስም በላይ ፈገግ እንዳለ ተገኘ። (የፎቶው ባለቤት ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም ነበር፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው።) በቦታው ግራጫ ሣጥን አስገብቼ ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ በጠየቀኝ ነበር።

ግራጫ ሣጥን ስላችሁ ግን መጠኑ እንደ ነገሩ ይሁን ማለቴ አይደለም። በላዩ ላይ «800 × 600» ብላችሁ ብትጽፉበት፣ ፎቶውን የሚያዘጋጀው ሰው የሚፈለገውን መጠን ሳይጠይቃችሁ ያውቀዋል። ወርዱንና ቁመቱን በኤችቲኤምኤሉ (የገጹ መዋቅር በሚጻፍበት ኮድ) ውስጥም አስቀምጡ፤ የስክሪኑ ስፋት ቢለያይም ብራውዘሩ ከሁለቱ ቁጥሮች ምጣኔውን አውጥቶ ምስሉ ሳይደርስ ቦታውን ይይዛል። ይህ ካልተደረገ ምስሉ ዘግይቶ ሲመጣ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋዋል፤ «ሰርዝ» የሚለውን ሊጫን ጣቱን የዘረጋው ሰው በዚያች ቅጽበት «ክፈል» የሚለውን ሊጫን ይችላል። ጉግል በ2020 እ.ኤ.አ. ለገጽ ጥራት ካስቀመጣቸው ሦስት ዋና መለኪያዎች አንዱ ይኸው መንሸራተት ሲሆን፣ ከ0.1 ያልበለጠ ውጤት ጥሩ ይባላል።

ምስሉን በሊንክ ከሌላ ሰው ሰርቨር አታምጡ። ጊዜያዊ ምስል በነጻ የሚሰጠው አገልግሎት የተዘጋ ዕለት በገጻችሁ ላይ የሚቀረው የተሰበረ ምስል ምልክት ነው። አራት ማዕዘን፣ ቀለምና ጽሑፍ ብቻ ያለው ኤስቪጂ (በኮድ የሚጻፍ የምስል ፋይል) ከጥቂት መስመር ኮድ ስለማያልፍ በራሳችሁ ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ።

ሣጥኑ ግን ዲዛይኑን አይፈትንም። ሁሉም በአንድ ልክ ስለተቆረጠ ገጹ የተስተካከለ ይመስላል፤ ከደንበኛው የሚመጣው ፎቶ ግን አንዱ ረጅምና ጠባብ፣ አንዱ የጨለመ፣ አንዱ ደግሞ ፊቱ ከጠርዝ ላይ ያለ ነው፤ ክፈፉን እንዲሞላ ሲቆረጥም የሰው ግንባር ይጎመዳል። ስለዚህ ገጹን ከማስረከባችሁ በፊት ሆን ብላችሁ መጥፎ መጥፎ ፎቶዎችን አስገብታችሁ እዩት።

በመጨረሻም የጊዜያዊ ምስሎች ፋይል ስም ሁልጊዜ ቡድናችሁ በተስማማበት በአንድ ቃል ይጀምር። ድረ ገጹ የሚከፈት ዕለት ያንን ቃል በኮዱ ውስጥ በሙሉ ፈልጉት፤ አንድ እንኳ ከተገኘ አትክፈቱት።