«ያልነበረ ሐሳብ አያስገቡበትም ወይ?»

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው። ቤተሰብ ገጠር ስለሆነ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ ስንቁን የማደርስለት እኔ ነኝ። ባለፈው የሥነ አእምሮ ነርሶች ለጥናት ብለው ትምህርት ቤት መጥተው መጠይቅ አስሞሏቸው። «ብሞት ይሻለኛል» ብለህ ታውቃለህ ወይ የሚል አለበት አለኝ። ደነገጥኩ! ያልነበረ ሐሳብ አያስገቡበትም ወይ? እኛን የጠየቀን የለም። እሱ ደግሞ ሰሞኑን ዝም ብሏል፣ የወሰድኩለት በሶ እንኳ እንዳለ ነው። (እህት፣ ከቢቸና)

መልስ፦ እህቴ፣ ብትደነግጪ አይፈረድብሽም። ግን ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም። ይሄ በተደጋጋሚ ተጠንቷል፤ እንዲያውም «ማን ይጠይቀኝ» ሲል የከረመ ልጅ ሲጠየቅ ቀለል ሊለው ይችላል።

የነገርሽኝ ፒኤችኪው-9 የሚባለውን የድብርት ምልክት መለያ መጠይቅ ይመስላል። ዘጠኝ ጥያቄ ነው፤ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድካም እያለ ይጠይቅና መጨረሻ ላይ ሞት ጋ ይደርሳል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይያዛል፣ ጣሪያው 27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ልጁ ቀረብ ተብሎ ይታይ ማለት እንጂ ታሟል ማለት አይደለም። (የክፍል ፈተና አይደለምና ስንት አመጣህ ብለሽ አታስጨንቂው።)

አለመጠየቃችሁ ላይ ግን እውነትሽን ነው። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ በአብዛኛው የራሱም የአሳዳጊውም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሄደሽ ርዕሰ መምህሩን ጠይቂ፣ አትፈሪ።

እንዲህ ያሉ ጥናቶች ብዙ ጊዜ ልጆች ጭንቀትን በምን እንደሚወጡት ይጠይቃሉ። ላዛረስና ፎክማን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1984 እ.ኤ.አ. ለሁለት ከፍለውታል፦ ችግሩን ራሱን መጋፈጥና ስሜትን ማብረድ። ሒሳብ ያልገባው ልጅ ጓደኛውን «አስጠናኝ» ካለ የመጀመሪያው ነው፤ ኳስ ተጫውቶ ወይ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ከተመለሰ ሁለተኛው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የተከራየበትን ክፍል ዘግቶ ስልክ ላይ ማደር ግን ለጊዜው ያስረሳል እንጂ ሒሳቡም ጭንቀቱም ጠዋት እዚያው ይጠብቁታል። እኛ አገር ደግሞ ዝም ያለ ልጅ «ጨዋ ነው፣ ድምፁ አይሰማም» ተብሎ ይመሰገናል! የወንድምሽ ዝምታ ከበሶው ጋር ሲደመር እኔን ከመጠይቁ በላይ ያሳስበኛል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስንቁን አድርሰሽ አትመለሺ፣ እደሪ። አብራችሁ ብሉ፣ ከዚያ ሳትሽኮረመሚ «ራሴን ላጥፋ ብለህ ታውቃለህ?» በይው። ካለቀሰ ያልቅስ፣ ምክር አታብዢ። «አዎ» ካለሽ ብቻውን አትተይው፤ የነቀዝ መድኃኒትም ሆነ ፀረ አረም በአጠገቡ ካለ አርቂ፣ ገጠር ሲመጣም እንደዚያው። በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጂው። ጸበሉን አልከለክልሽም፤ መድኃኒት ከታዘዘለት ግን ለጸበል ብላችሁ እንዳታስቋርጡት።