መልስ፦ የልብ ትል ምርመራው «የለበትም» ብሎ ውሻዬ ለምን ያስላል?

ጤና ይስጥልኝ። የልብ ትል (በትንኝ የሚተላለፍ፣ በልብና በሳንባ የደም ሥሮች የሚኖር ጥገኛ ትል) የአንቲጂን ምርመራው ነጻ ብሎት እያለ የውሻዎ ሳል አለመቆሙ ቢያሳስብዎት ትክክል ነዎት፤ ይህ ውጤት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ምርመራው በዋናነት የሚፈልገው የጎለመሱ ሴት ትሎች ወደ ደም የሚለቁትን ፕሮቲን (አንቲጂኑን) ነው። ስለዚህ ትሎቹ ጥቂት ወይም ወንድ ብቻ ከሆኑ፣ ወይም በሽታውን ያስተላለፈችው ትንኝ ከነከሰችው 6 ወር ገደማ ካልሞላ ላያገኛቸው ይችላል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፦ አንዳንድ ጊዜ የውሻው ፀረ እንግዳ አካላት አንቲጂኑን አጥብቀው ይይዙትና ከመመርመሪያው ይሸሽጉታል። ሴረሙን (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየውን ፈሳሽ) በላቦራቶሪ በ104 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ10 ደቂቃ ማሞቅ ይህን እስር ይፈታዋል። ለሁሉም ውሻ በየጊዜው ይደረግ አልልም፤ ከማሞቅ በኋላ ሌሎች ጥገኛ ትሎች የተሳሳተ «አለበት» ሊያሰጡ ይችላሉ። የእርስዎ ግን ምልክት የሚያሳይ ውሻ ነውና ሐኪሙን አጥብቀው ይጠይቁ።

በኖት (Knott) ዘዴም፣ ማለትም ደሙን አጣርቶ በማይክሮስኮፕ በማየት፣ ደሙ ውስጥ የትሉ እጭ (ገና ያላደገ ትል) መኖር አለመኖሩን ያስመርምሩ፤ አንቲጂን ያመለጠውን የሚይዝበት ጊዜ አለ። የደረት ራጅና የልብ አልትራሳውንድም ይረዳሉ። እባክዎ እስኪጣራ ድረስ የመከላከያ መድኃኒት በራስዎ አይጀምሩ፤ በደሙ ብዙ እጭ ካለ ለሕይወት የሚያሰጋ ምላሽ ሊቀሰቅስ ይችላል።