ጠይቁን፦ ለቅጠልና ለሳር የሚሰጠው የመንግስት ገንዘብ ለማን ነው?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሶስቱ ስለ ኮምፖስት (ቅጠል፣ ሳርና የመሳሰለው በስብሶ ስለሚሆነው የአፈር ማዳበሪያ) ሆነው አገኘኋቸውና አንድ ላይ ላነሳቸው ወሰንኩ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጄ። እኔ ሲያትል ሬኒየር ቢች የምኖር የእድራችን ፀሀፊ ነኝ። የቤተክርስቲያናችን ግቢ ዛፉ ብዙ ነው፣ ፎል ሲመጣ ቅጠሉ ተጠርጎ አያልቅም። ከኋላ በኩል ባዶ ቦታ ስላለ ልጆቹ «ኮምፖስት ሰርተን ጎመንና ቃሪያ እንትከልበት፣ ለዚህ መንግስት ገንዘብ ይሰጣል» አሉን። እኔ ደሞ መንግስት በነፃ ሰጠ ሲሉኝ ቶሎ አላምንም። እውነት ነው ወይ? ከሆነስ እድር ማመልከት ይችላል? የወረቀቱን ነገር ሳስበው ይከብደኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጆቹ ልክ ናቸው፣ ገንዘቡ አለ። ግን እርስዎም አለማመንዎ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ገንዘቡ በነፃ የሚሰጥ ችሮታ አይደለም፣ መንግስት ራሱ ያለበትን ስራ እናንተ እንድታግዙት የሚከፍለው ነው። ይሄን ከያዙ ማመልከቻው ላይ የሚጠየቁት ነገር ሁሉ ትርጉም ይሰጥዎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጠልና ሳር ከቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ ሲቀበር አየር ስለማያገኝ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባለውን ጋዝ ያወጣል፣ ከዛ በላይ ደሞ ከተማው ለጭነቱም ለመቅበሪያውም ይከፍላል። የፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት ለ2018 እንዳሰላው አሜሪካ ውስጥ ከጓሮ ብቻ የወጣው ሳር፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ 35.4 ሚሊዮን ቶን ነበር፣ ከዚህ ውስጥ 63 በመቶው ኮምፖስት ሲሆን ሌላው ተቀበረ ወይ ተቃጠለ። ሲያትል የጓሮ ቆሻሻ ከተራ ቆሻሻ ጋር እንዳይጣል የከለከለችው ገና በ1989 ነው፣ በ2015 ደሞ ምግቡንም ጨመረች። ከዛ በ2022 የዋሽንግተን ስቴት ህግ አወጣ፣ ወደ ቆሻሻ መቅበሪያ የሚሄደው የሚበሰብስ ነገር በ2030 ከ2015ቱ መጠን በ75 በመቶ እንዲቀንስ የሚል። እንዲህ ያለ ቀጠሮ የተቆረጠለት መንግስት በመኪና ብቻ ሰብስቦ አይዘልቀውም፣ ሰፈር ውስጥ እዛው ቅጠሉ ከወደቀበት ሳይርቅ የሚያበሰብስለት ሰው ይፈልጋል።

አሁን ማን ማመልከት ይችላል ወደሚለው ስንመጣ፣ የፌደራሉ ግብርና መስሪያ ቤት በ2018ቱ የእርሻ ህግ መሰረት ለኮምፖስትና ለምግብ ብክነት ቅነሳ ሲሰጥ የቆየው ገንዘብ አለ፣ ብዙ ሰው በስሙ የሚሰማው እሱን ነው። እሱ ግን የሚሰጠው ለከተማ አስተዳደር፣ ለካውንቲ፣ ለትምህርት ቤት ዲስትሪክትና ለመሳሰሉት ነው፣ ተቀባዩም የወጪውን 25 በመቶ ከራሱ ማምጣት አለበት። እድር በቀጥታ አያገኘውም። ከተማው ወይ ትምህርት ቤቱ ሲያመለክት አብራችሁት እንደምትሰሩ ተጠቅሳችሁ መግባት ነው የምትችሉት፣ ስለዚህ እዛ ላይ ሌሊት አትፍጁ።

ለእናንተ የሚሆነው የከተማው ነው። ሲያትል ከ1988 ጀምሮ የሰፈር ሰዎች ራሳቸው ላሰቡት ስራ የሚሰጥ ማቺንግ ፈንድ አላት፣ ማቺንግ ማለት ከተማው ሲያዋጣ እናንተም ታዋጣላችሁ ማለት ነው፣ ግን መዋጮው የግድ ጥሬ ገንዘብ አይደለም፣ የሰው ጉልበት ይቆጠራል! እዚህ ላይ ነው ብዙ ወገኖቻችን «እኛ ምን ገንዘብ አለን» ብለው የሚመለሱት፣ ሲቆጨኝ ኖሯል። እስኪ እናስላው፣ አስራ ሁለት ሰው በወር ሁለት ሰአት ለአስር ወር ቢሰራ 240 ሰአት ነው። የአንድ ሰአት የበጎ ፈቃድ ስራ ዋጋ በ2023 በአሜሪካ ደረጃ 33.49 ዶላር ተብሎ ተሰልቷል፣ በዛ ሂሳብ 240ው ሰአት ከ8000 ዶላር በላይ ይሆናል። እያንዳንዱ ግራንት (ለእንዲህ ያለ ስራ የሚሰጥ ገንዘብ) የሚቆጥርበት የራሱ ተመን ስላለው መጀመሪያ ይጠይቁ፣ ግን ምን ያህል ሀብት እጃችሁ ላይ እንዳለ ያሳይዎታል።

ይሄ ጉልበት የሚቆጠረው ግን ሲፃፍ ብቻ ነው። ማን መጣ፣ ስንት ሰአት ሰራ፣ ፈረመ። ጋሼ፣ ይሄን ለእድር ፀሀፊ የሚያስተምር የለም፣ እርስዎ ለዓመታት ማን መጣ ማን ቀረ ማን ከፈለ እያሉ የያዙት መዝገብ ማለት ግራንት ሰጪው የሚለምነው ወረቀት ነው። የከበደዎት ወረቀት እጅዎ ላይ ያለው ነው።

ሁለት ነገር ግን ቀድመው ይወቁ። አንደኛው፣ ብዙዎቹ ትንንሽ ግራንቶች ሪኢምበርስመንት ናቸው፣ መጀመሪያ ከራሳችሁ አውጥታችሁ ትገዙና ደረሰኝ ስታቀርቡ ይመለስላችኋል። ሁለትና ሶስት ወር ሊቆይ ይችላል፣ የእድሩን ካዝና ለቀብር የተቀመጠውን ነክታችሁ እንዳትጨነቁ ለብቻው የሚሽከረከር ትንሽ ገንዘብ አዋጡ። እድሩ በህግ የተመዘገበ ድርጅት ካልሆነ ደሞ ፊስካል ስፖንሰር የሚባል አለ፣ የተመዘገበ ድርጅት ገንዘቡን በስሙ ተቀብሎ ለእናንተ ስራ የሚያውል፣ ለዚህም የተወሰነ ፐርሰንት ይወስዳል። ሁለተኛው፣ ቦታው የቤተክርስቲያን ስለሆነ ስራው ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ክፍት መሆኑን በግልፅ ፃፉ፣ ጎረቤት ቬትናሚዙም ሶማሌውም ቅጠሉን ይዞ ይምጣ፣ ኮምፖስቱንም ይውሰድ። የህዝብ ገንዘብ ለአምልኮ አይውልም፣ ለሰፈር ግን ይውላል።

የኔን ምክር ከጠየቁኝ ገንዘቡን ሳትጠብቁ ዘንድሮ አንድ ክምር ጀምሩ። እኛም በአንድ የጋራ አትክልት ቦታ በመጀመሪያው ዓመት ለቅርንጫፍ መፍጫ ማሽን ብለን አመለከትንና ተከለከልን፣ በጣም አዝነን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን ስንት ጆንያ ቅጠል እንዳበሰበስን መዝነን፣ ፎቶ አንስተን፣ የሰራውን ሰው ስም ዘርዝረን ስንሄድ ተሰጠን። የሰራን ሰው ማመን ይቀላል።

ክምሩ ቁመቱም ወርዱም ወደ አንድ ሜትር ይሁን፣ ከዛ ካነሰ ሙቀት አይዝም። ደረቅ ቅጠል ብዙ፣ እርጥብ ነገር (አዲስ የታጨደ ሳር፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ) ትንሽ፣ በግምት ሶስት እጅ ደረቅ ለአንድ እጅ እርጥብ። ሳር ብቻውን ከተከመረ ይታፈንና ይሸታል፣ ቅጠል ብቻውን ደሞ ዓመትም አይበቃው። እርጥበቱ እንደተጨመቀ ስፖንጅ ይሁን፣ ሽታ ከመጣ ገልብጡና ደረቅ ቅጠል ጨምሩበት። ስጋና አጥንት በፍፁም አይግባ፣ አይጥ ይጠራል፣ እሱን የከተማው የምግብና የጓሮ ቆሻሻ ቢን ይቀበላችኋል። አይጥ ከመጣ ጎረቤት ይከሳል፣ ጎረቤት ከከሰሰ ግራንቱም አብሮ ይሄዳል። ቲልዝ አሊያንስ የሚባለው ድርጅት እዛው ሲያትል ማስተር ኮምፖስተር የሚባል ስልጠና ስለሚሰጥ ከልጆቹ አንዱን ወይ አንዷን ላኩ፣ ማመልከቻው ላይ «የሰለጠነ ሰው አለን» ማለት ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ማህበርም ምንም ውስጥ የለሁም። ጓሮዬ ትንሽ ናት፣ ሳርና ቅጠል አላት፣ ቡና ደሞ በየቀኑ ስለማፈላ አተላው ያሳዝነኛል። ለግለሰብ የሚሰጥ ነገር የለም? ዲሲ ያለች ጓደኛዬ ገንዘብ ተመለሰልኝ አለችኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ናት ግን የሷ ፕሮግራም የዲሲ ነዋሪ ለሆነ ብቻ ነው። ዲሲ የቤት ኮምፖስት ስልጠና ለወሰደ ሰው የኮምፖስት ቢን ሲገዛ እስከ 75 ዶላር ድረስ ይመልሳል። ጓሮ ለሌለው ደሞ በመናፈሻዎችና በጋራ አትክልት ቦታዎች የህብረት ኮምፖስት አላቸው፣ ትንሽ ሰልጥነሽ ተራ ገብተሽ እየገለበጥሽ የራስሽን ታመጫለሽ፣ ልክ እንደ ፅዋ ተራ በይው።

አንቺ ያለሽው ሞንጎመሪ ካውንቲ ስለሆነ ላንቺ የሚሻለው ሌላ ነው፣ ካውንቲው ለነዋሪው የኮምፖስት ቢን በነፃ ይሰጣል። ወደ 311 ደውለሽ ከየት እንደምትወስጂ ጠይቂ፣ ታውንሃውስ ከሆነና የቤቶች ማህበር ካለባችሁ ደሞ አስቀድመሽ አስፈቅጂ። የቡናው አተላ መልኩ ጥቁር ስለሆነ ከደረቁ ወገን ይመስላል እንጂ ናይትሮጅኑ ብዙ ስለሆነ ከእርጥቡ ነው የሚቆጠረው፣ ባፈላሽ ቁጥር በእፍኝ ቅጠል ሸፍኚው።

ሳሩን ግን ባትሰበስቢውስ? አጭዶ እዛው መተው ይቻላል፣ በአጭር በአጭሩ ካጨድሽው በሳምንት ውስጥ ይጠፋና ለሳሩ ማዳበሪያ ይሆነዋል። ካውንቲው ራሱ የሚለምነው ይሄንን ነው። ሆም ዲፖ ሄደሽ ሊፍግሮ የሚል ከረጢት ካየሽ እሱ ከሞንጎመሪ ካውንቲ ሰው ደጃፍ የተሰበሰበው ሳርና ቅጠል ዲከርሰን በሚባለው ቦታ ኮምፖስት ሆኖ ተመልሶ የሚሸጥልን ነው። እኔ ይሄን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ፣ የሰጠነውን በብር እንገዛለን።

ጥያቄ፦ ኬንት ዋሽንግተን ነኝ። አምስት ቤተሰብ ሆነን ትንሽ ግራንት አግኝተን ኮምፖስት ሰራን፣ ቅጠል ሰበሰብን፣ ፈረስ ከሚያረባ ሰው ፋንድያ በነፃ አመጣን። ዘንድሮ ቲማቲሙና ባቄላው ቅጠሉ ተጠቅልሎ እንደ ፅዋ ሆነ፣ ግንዱ ተጣመመ። የሚገርመው ጎመኑና በቆሎው ምንም አልሆኑም። በሽታ ነው? ሪፖርት መፃፊያችን ደርሷል፣ ምን ብለን እንፃፍ? ገንዘቡን መልሱ ይሉናል ብለን ፈርተናል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ጎመኑና በቆሎው ምንም አልሆኑም» ያልከው ነው ነገሩን የሚያሳየኝ። በሽታ አይመስለኝም፣ የአረም መድሃኒት ነው የምጠረጥረው። ክሎፒራሊድና አሚኖፒራሊድ የሚባሉ መድሃኒቶች አሉ፣ ቲማቲም፣ ባቄላ፣ አተርና ድንች በጥቂቱ እንኳን ይጎዳሉ፣ ጎመንና በቆሎ ግን ይችሏቸዋል። ክፋታቸው በኮምፖስቱ ሙቀት ቶሎ አይጠፉም። እዛው ዋሽንግተን ስቴት ስፖኬን ውስጥ ከ1999 ጀምሮ የከተማው ኮምፖስት የሰውን አትክልት አበላሽቶ ብዙ ጭቅጭቅ ነበር፣ ከሰው ሳር ላይ የመጣ ክሎፒራሊድ ነው የተገኘበት፣ በ2002 ስቴቱ ቤት ሳር ላይ እንዳይረጭ ከለከለ። እርሻና የከብት መኖ ሳር ላይ ግን አሁንም ይረጫል። ፈረሱ ያንን ድርቆሽ ይበላል፣ ፈረሱ ምንም አይሆንም፣ መድሃኒቱ በፋንድያው ይወጣል። ፋንድያ የሰጣችሁ ሰውም ላያውቅ ይችላል፣ ድርቆሹን ገዝቶ ነው።

ለማረጋገጥ ሶስት ትንንሽ ማሰሮ ኮምፖስቱን ከንፁህ የገበያ አፈር ጋር ቀላቅለህ ሙላ፣ ሌላ ሶስት በንፁህ አፈር ብቻ፣ ሁሉም ላይ ባቄላ ዝራና ሶስት ሳምንት ተከታተል። በኮምፖስቱ የበቀለው ብቻ ከተጠቀለለ መልሱ እሱ ነው። እስከዛው ለማንም ሰው ኮምፖስቱን አትስጡ።

ሪፖርቱ ላይ እንደሆነው ፃፉት። ስንት ቅጠል እንደሰበሰባችሁ፣ ፋንድያው ከየት እንደመጣ (የሰውየውን ስም ሳትጠሩ)፣ ምን እንደታየ፣ የባቄላውን ሙከራ ከነፎቶው። ገንዘቡ ለተባለው ስራ ከዋለና ደረሰኙ ካለ አትክልቱ ስለታመመ ብቻ መልሱ ማለት የተለመደ አይደለም። የሚያስጠይቀው መደበቅ ነው፣ ደብቃችሁ ኮምፖስቱን ለጎረቤት ብታካፍሉና የሱም ቲማቲም ቢበላሽ ያኔ ነው ሰፈሩ የሚያዝንባችሁ። እንደውም ከዚህ በኋላ ምን እንደምትጠይቁ ፃፉበት፣ ፋንድያ ወይ ድርቆሽ የሚሰጥ ሰው ሲመጣ «ሳሩ ላይ ምን ተረጭቶበታል?» ብላችሁ፣ ካላወቀ አለመቀበል።

የተበላሸውን ክምር ደሞ አትጣሉት፣ ሳር ላይ በስሱ መበተን ወይ በቆሎ መትከል ይቻላል። የበቆሎው አገዳና የዛ ሳር እጭድ ብቻ ተመልሶ ወደ አዲሱ ክምር እንዳይገባ።